ከሜኑው የጎደለችው ባኮ

ምግብ ቤት ሜኑ ሲያሳትም ደራሲ መድበል ሲያዘጋጅ የሚሠራውን ይሠራል። ይመርጣል፤ ያስቀድማል፤ ያስከትላል፤ ይጥላል። በባዕድ አገር የተከፈተ ምግብ ቤት ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ በሽፋኑ ላይ የአገር ስም ይጽፋል። "የኢትዮጵያ ምግብ" ብሎ የጻፈ ቤት ስለ አንድ አገር ምስክርነት ሰጥቷል። ምስክር ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ ይቀርብለታል።

እዚህ የሚጠየቀው በሎስ አንጀለስ ከተማ "ትንሿ ኢትዮጵያ" በሚል ስያሜ የሚታወቀው ሰፈር ገበታ ነው። ጠያቂዋም ባኮ ትሁን። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በነቀምቴ መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች የምዕራብ ሸዋ ከተማ ለአገሪቱ ማዕድ ምን እንዳዋጣች ወረድ ብለን እናያለን። ለጊዜው የምንይዘው ጥያቄ አንድ ነው፦ የአገር ስም በተለጠፈበት ገበታ ላይ ባኮ ለምን ቦታ አጣች?

አንድ ጎዳና፣ አንድ ስም

ሰፈሩ ሰፊ አይደለም። ከኦሊምፒክ ጎዳና ወደ ደቡብ የሚወርደው የፌርፋክስ ጎዳና አንድ ቁራጭ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ለመሄድ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ኢትዮጵያውያን እዚያ ምግብ ቤት መክፈት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ሮዛሊንድስ፣ መሶብ፣ መርካቶ፣ ራሔል የሚሉት የቤቶቹ ስሞች ከጎዳናው ታሪክ ጋር ተያይዘዋል። የከተማው ምክር ቤት ሰፈሩን በይፋ "ትንሿ ኢትዮጵያ" ያለው በነሐሴ 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2002) ነበር።

በሱቆቹ መደርደሪያ ላይ የጤፍ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ጥሬ ቡና፣ ጀበናና ስኒ፣ ነጠላና ቀሚስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሸጣሉ። የስደተኛ ሱቅ ግን ሌላም ሥራ አለው። ሥራ ፈላጊው የሚጠይቀው እዚያ ነው፤ ተከራይ የሚፈልገው ማስታወቂያውን የሚለጥፈው እዚያ ነው፤ ከአገር ቤት የመጣ መርዶ ተጣርቶ ለባለቤቱ የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ነው። በርበሬ ሊገዛ የገባ ሰው የአገሩን ወሬ ሰምቶ ይወጣል።

እነዚህን ቤቶች የከፈቱት ሰዎች እነማን ነበሩ? የ1966ቱ አብዮትና እሱን ተከትሎ የመጣው ደም መፋሰስ ከአገር ያስወጣቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተላቸው። ከቀደሙት መካከል ተማሪውና የከተማ ሰው ይበዛ ነበር። በአገሩ ሳለ ድስት ጥዶ የማያውቅ ወንድ በሎስ አንጀለስ የሽንኩርት ቁሌት ተማረ።

ድካማቸውን ማቃለል አይገባም። በ1977 ዓ.ም. የአሜሪካ ሕዝብ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀው በቴሌቪዥን ያየውን የረሃብ ምስል ነበር። በዚያ ሕዝብ ፊት "የኢትዮጵያ ምግብ" የሚል ጽሑፍ መስቀል ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ለእንግዳው ማስተማር የነበረባቸውም ብዙ ነው። እንጀራ ሳህንም ማንኪያም መሆኑን፣ ከአንድ ትሪ በጋራ መብላት ነውር አለመሆኑን፣ ጉርሻ የፍቅር ምልክት መሆኑን አስተምረዋል። የጾም በያይነቱንም ሥጋ ለማይበላው ካሊፎርኒያዊ አቅርበው ከገዳማዊ ሥርዓት የወጣ ማዕድ በሰው አገር አዲስ ወዳጅ እንዲያገኝ አድርገዋል። ስለ ስደተኛ ሰፈሮች ምግብ በቁም ነገር በመጻፍ የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ2007 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው ሐያሲ ጆናታን ጎልድ፣ ወይዘሮ ገነት አጎናፍር "ሚልስ ባይ ገነት" በተባለው ቤታቸው የሚሠሩትን ዶሮ ወጥ ለከተማው አንባቢ ካስተዋወቁት አንዱ ነበር። እንግዲህ ይህ ጎዳና ሊመሰገን የሚገባው ጎዳና ነው። ሂሱም የሚጀምረው ከዚህ ምስጋና በኋላ ነው።

የጎደለው ገጽ

የቤቶቹን ሜኑ ጎን ለጎን አስቀምጦ ላነበበ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። የቤቶቹ ስም ይለያያል፤ ዝርዝሩ ግን የአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ ይመስላል። ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ ጥብስ፣ የበግ አልጫ፣ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ በያይነቱ። ይህ ዝርዝር የተቀዳው ከአዲስ አበባ ምግብ ቤት ነው። የተቀዳውም ከነአከፋፈሉ ነው፤ ግማሹ የፍስክ፣ ግማሹ የጾም። ሽሮን ካላነሳን በስተቀር በዝርዝሩ ውስጥ የበዓሉ ቀን አለ፤ የጾሙ ቀን አለ። እርሻ ውሎ የገባ ገበሬ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የሚበላው ግን የለም።

የባኮ ሰው ይህን ሜኑ ቢያነብ ብዙውን ያውቀዋል፤ ይወደውማል። ዶሮ ወጥ የእሱም የበዓል ምግብ ነው። የራሱን ቤት ግን አያገኝም። የበቆሎ ቂጣው የለም። በኦሮምኛ ማርቃ የሚለው፣ በመካከሉ ቅቤ የሚደረግለት ገንፎው የለም። ከጤፍ በወፍራሙ ተጋግሮ በተነጠረ ቅቤና በቅመም የሚርሰው፣ ለክብር እንግዳ የሚቀርበው ጩምቦ የለም። ጥሬው ፍሬ በቅቤ የሚጠበሰው ቡና ቀላ የለም። ከባኮ አልፎ ወደ ወለጋ ሲዘለቅ በመስቀል በዓል የሚበላው፣ ከሥሩ ተቆፍሮ የሚቀቀለው አንጮቴ የለም።

"ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ምግብ ቤት ሙዚየም አይደለም" የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ነጋዴ የሚሸጠውን ያውቃል። ነገር ግን አንድ ከባኮ የሄደ ቤተሰብ ልጁን ይዞ በዚያ ጎዳና ቢቀመጥ ልጁ ምን ይማራል? አያቱ የምትሠራው ምግብ "የኢትዮጵያ ምግብ" ውስጥ እንደማይቆጠር ይማራል። ማንም ሳይነግረው፣ ማንም ሳይሰድበው፣ ከዝርዝሩ ብቻ ይማራል። የአገር ስም የተሸከመ ሜኑ ኃላፊነት የሚኖርበትም ስለዚህ ነው።

ባኮ ምን አዋጣች?

አሁን ወደ ባኮ እንመለስ። የከተማዋ ስም በአገሪቱ ገበሬዎች ዘንድ የሚታወቀው በእርሻ ምርምር ማዕከሏ ነው። ከአገሪቱ የበቆሎ ምርምር ዋነኛው ማዕከል እዚያ ነው። ከዚያ ከወጡት ድቅል ዘሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀው ቢኤች 660 በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ ገበሬ ማሳ ለረጅም ዓመታት ነግሦ ኖሯል። "ቢ" የምትለው ፊደል ባኮን ነው የምታመለክተው። ዛሬ በኢትዮጵያ ከሚመረቱት ሰብሎች በምርት ብዛት በቆሎ አንደኛ ነው፤ ጤፍ የሚመራው በተዘራበት መሬት ስፋት ነው። ስለዚህ አገሪቱን በሆድ ከለካናት ከባኮ ዘር የበላችው ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው መዋጮ ከዚህም ያስገርማል። በአገሪቱ ከሚታወቁት የበርበሬ ዝርያዎች አንደኛው "ማረቆ ፋና" ሲሆን ሌላው "ባኮ ሎካል" ይባላል። ድስቱን የሚያቀላው በርበሬ የከተማዋን ስም ይዞ ይዞራል። ፌርፋክስ ላይ ግን የወጡ ስም ብቻ ይጠራል፤ የበርበሬው አገር አይጠራም።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናስታውስ። በቆሎም በርበሬም ራሳቸው ስደተኞች ናቸው። ሁለቱም የመጡት ከአሜሪካ ምድር ነው። በቆሎ ወደ እኛ የደረሰው በ16ኛው ወይም በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይታመናል፤ አባቶቻችን "የባሕር ማሽላ" ያሉት ከባሕር ማዶ መምጣቱን አውቀው ነው። ከሁለቱ ስደተኞች በርበሬ ጌታ ሆነ። ያለ እሱ ዶሮ ወጥ የለም፤ "የአባቶቻችን ምግብ" እያልንም እንምልበታለን። በቆሎ ግን ዛሬም ድረስ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ከከተማው ማዕድ የተፈቀደለት በክረምት የመንገድ ዳር ጥብስ መሆን ነው።

ይህ ንቀት የጣዕም ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ፌርፋክስ "ትንሿ ኢትዮጵያ" በተባለበት በዚያው በ1994 ዓ.ም. በባኮና በመሰል የበቆሎ አገሮች ምርት ተትረፍርፎ ዋጋው ክፉኛ ወደቀ። የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ገበሬ ብዙ ነበር። በተከታዩ ዓመት ደግሞ አገሪቱ በድርቅ ተመታች። ለዋጋው መውደቅ የመጋዘን፣ የመንገድና የብድር ችግር ዋና ዋና ምክንያቶች ነበሩ። ከእነዚህ ጎን ግን የከተማው ሰው በቆሎን እንደ ክብር ምግብ አለመቁጠሩም የራሱ ድርሻ ያለው ይመስለኛል። የተናቀ እህል ገዢው ጥቂት ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ለፌርፋክስ ምግብ ቤቶች ጠበቃ ብንቆም የመጀመሪያው መከላከያ "የአገሩ እህል እዚያ አይገኝም" የሚል ይሆናል። ለአንጮቴ ይህ ይሠራል። ለበቆሎ ግን እንዴት ይሠራል? በቆሎ የተወለደበት ክፍለ ዓለም እኮ ነው! ቅቤም ቡናም ሞልቷል። ይልቁንስ የሚያስቸግረው ጤፍ ነበር። መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያውያን እናቶች የስንዴና የሌላ እህል ዱቄት እየቀላቀሉ እንጀራ የሚመስል ነገር ሲጋግሩ ኖሩ። ኋላ ዌይን ካርልሰን የሚባል፣ በኢትዮጵያ ኖሮ የሄደ አሜሪካዊ፣ አይዳሆ በተባለው ግዛት ጤፍ ዘራላቸው። በ1998 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል ደግሞ ከአዲስ አበባ የተጋገረ እንጀራ በአውሮፕላን መጫኑ ቀጠለ። የተፈለገ ምግብ ውቅያኖስ ተሻግሮ ይመጣል ማለት ነው። በበሩ ደጅ የሞላው በቆሎ ያልገባው ስላልተፈለገ ነው።

ያልተፈለገውስ ለምንድነው? እዚህ ላይ የፌርፋክስን ሰው ብቻ መክሰስ ግፍ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ተነስተን በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶ አድርገን ወደ ምዕራብ ብንጓዝ በአውራ ጎዳናው ዳር ያሉ ሆቴሎች ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡልን ምንድነው? ጥብስ፣ ሽሮ፣ በያይነቱ፣ ፓስታ፣ ፍርፍር። ከአምቦ ውኃ በቀር የቦታው ስም ያለበት ነገር በጠረጴዛው ላይ ማግኘት ያስቸግራል። ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ ባኮ ላይ የሚበላው ፌርፋክስ ላይ ከሚበላው ብዙም አይለይም። የቤቱ ምግብ በቤት ይቀራል፤ ለሽያጭ የሚወጣው የከተማ ምግብ ነው።

ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ክብር ነው። ጩምቦ ለወዳጅ፣ ለአራስ፣ ለአማችና ለበዓል የሚሠራ እንጂ በገንዘብ የሚለወጥ ነገር አይደለም ብሎ የሚያስብ ቤተሰብ አለ፤ ይህን ማክበር ይገባል። ሁለተኛው ኀፍረት ነው። የበቆሎ ቂጣና የበቆሎ እንጀራ የችግር ምግብ ተብለው ስለሚቆጠሩ እንግዳ ሲመጣ ይደበቃሉ። ጤፍ የሚያመርተው ገበሬ ጤፉን ለከተማ ሸጦ ራሱ በቆሎ ይበላል፤ ከዚያም የበላውን ለመናገር ያፍራል። ይህ ኀፍረት በሻንጣ ተጭኖ ሎስ አንጀለስ ቢገባ ምን ይገርማል?

ከታይላንዶች ሰፈር

እዚያው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለንጽጽር የሚመች ሌላ ሰፈር አለ። በምሥራቅ ሆሊውድ የሚገኘው "ታይ ታውን" ይባላል፤ ከተማው በይፋ የሰየመው ከእኛው ሦስት ዓመት ቀድሞ በጥቅምት 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1999) ነበር። ከስያሜው በስተጀርባ የነበረው የታይ ማኅበረሰብ ልማት ማዕከል ነው። ይህ ማዕከል ይበልጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ኤል ሞንቴ በተባለች የአካባቢው ከተማ በአጥር ታግተው በባርነት ሲሠሩ የተገኙትን 72 የታይላንድ ልብስ ሰፊዎች በመርዳቱ ነው። ለእነሱ የሰፈር ስም ጌጥ ሳይሆን ለድሃው ወገናቸው እንጀራ ማግኛ ነበር።

የታይላንድ ምግብ ታሪክ እንደ እኛው በስደተኛ ጥረት ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ መንግሥት እጁን አስገብቶበታል። ዓለም የሚያውቀው ፓድ ታይ የተባለ የሩዝ ኑድል እንደ ብሔራዊ ምግብ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ግድም በጠቅላይ ሚኒስትር ፊቡን ሶንግክራም አስተዳደር የብሔራዊነት ዘመቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የአገሪቱ መንግሥት "ግሎባል ታይ" በሚል መርሐ ግብር በውጭ አገር የነበሩትን 5,500 ያህል የታይ ምግብ ቤቶች ወደ 8,000 ለማሳደግ አቀደ። እንዲህ ያለ ዘመቻ ሁሉንም ሜኑ አንድ ዓይነት ያደርጋል ተብሎ ቢፈራ ተገቢ ነው፤ በብዙ ቤትም ሆኗል።

ታይ ታውን ውስጥ ግን ሌላ ነገር ደግሞ ተከሰተ። ጂትላዳ በተባለው ምግብ ቤት የደቡብ ታይላንድ ምግቦች ዝርዝር ነበር፤ የተጻፈውም በታይ ቋንቋ ብቻ ነበር። እንግዳው የሚሰጠው የታወቀውን ሜኑ ነው። ያ ዝርዝር ተተርጉሞ ለሁሉም ሲቀርብ ቤቱ ዝነኛ ሆነ፤ ሰው ተሰልፎ የመጣው ለዚያ ለተደበቀው የክፍለ አገር ገጽ ነው። የሰሜን ምሥራቁ የኢሳን ነገርም ይኸው ነው። ኢሳን የታይላንድ ድሃ ገበሬ አገር ነው። ልጆቹ ለጉልበት ሥራ ባንኮክ ሲገቡ የሚያጣብቅ ሩዛቸውንና ሶም ታም የሚባለውን የጥሬ ፓፓያ ሰላጣቸውን ይዘው ገቡ። ባንኮክ ናቀቻቸው፤ ቆይታ ግን ምግባቸውን ለመደች። ዛሬ ሶም ታም የሌለበት የታይ ሜኑ ማግኘት ያስቸግራል። ፓፓያና ሚጥሚጣውም እንደ በቆሎ ከአሜሪካ ምድር የሄዱ ስደተኞች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ምሳሌ ፍለጋ ታይላንድ ድረስ መሄድ ላያስፈልግም ይችላል። ክትፎ የማን ነበር? የጉራጌ ነው። አዲስ አበባ ገብቶ በሊስትሮና በችርቻሮ ንግድ የጀመረው ጉራጌ ክትፎውንና ቆጮውን ይዞ ገባ፤ ክትፎ ቤት ከፈተ፤ ስሙንም አልለወጠም። ዛሬ በፌርፋክስ ሜኑ ላይ ክትፎ "የኢትዮጵያ" ተብሎ ሲቀርብ የሚቃወም የለም። ጨጨብሳም ከኦሮሞ ቤት ወጥቶ በአዲስ አበባ ቁርስ ቤቶች ከለመደ ቆይቷል። መንገዱ አለ ማለት ነው። ያልተሄደበት መንገድ የበቆሎውና የጩምቦው ነው።

"ሚኒያፖሊስ ይሂዱ" ለሚሉ

አንድ ተቃውሞ ይቀራል። "የኦሮሞ ምግብ የፈለገ ሚኒያፖሊስ ይሂድ" የሚሉ ይኖራሉ። በእርግጥ በአሜሪካ ትልቁ የኦሮሞ ማኅበረሰብ የሚገኘው በሚኒሶታ ነው፤ "ትንሿ ኦሮሚያ" የሚል መጠሪያም አውጥተውለታል። ያ ማኅበረሰብ የራሱን ምግብ በራሱ ስም ማቅረቡ መብቱ ነው። ነገር ግን መልሱ ፌርፋክስን ከኃላፊነት አያድነውም። "ኢትዮጵያ" የሚል ስም በአደባባይ ተቀብሎ፣ በመንገድ ምልክት አስጽፎ፣ ከዚያ በኋላ ባኮን "ወደዚያኛው ሰፈር ሂጂ" ማለት አይቻልም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። ስሙን የወሰደ ዥንጉርጉሩንም መውሰድ አለበት።

ምን ይደረግ? ዶሮ ወጡ ይነሳ የሚል የለም። ከሜኑው ላይ አንድ ገጽ ይጨመር። በገጹ ላይ የምግቡ ስም ባለቤቱ በሚጠራው ቋንቋ ይጻፍ፤ ጩምቦ ጩምቦ፣ ማርቃም ማርቃ ይባል። የየት አገር ምግብ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚበላ ከሥሩ ይገለጽ። ሱቆቹም በርበሬውን ሲያሽጉ የመጣበትን ወረዳ ስም በማሸጊያው ላይ ያትሙ፤ ቡና ነጋዴው የይርጋጨፌንና የሐረርን ስም ጽፎ እንደከበረበት የበርበሬ ነጋዴውም ሊከብርበት ይችላል። ይህ ሁሉ ወጪው የአንድ ገጽ ማሳተሚያ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሥራው እዚሁ ነው። የባኮ ሆቴል ባለቤት ለመንገደኛው ከጥብሱ ጎን ትኩስ የበቆሎ ቂጣ በቅቤና በአይብ ቢያቀርብ፣ በጥቅምት እሸቱን፣ በበዓል ሰሞን ጩምቦውን "የባኮ ነው" ብሎ ቢሸጥ የፌርፋክሱ ሰው የሚቀዳው ነገር ያገኛል። እስከ ዛሬ የቀዳው ከአዲስ አበባ ብቻ ከሆነ፣ ሌላው አገር ለመቀዳት ራሱን አውጥቶ ስላላቀረበም ነው።